ከአፍ የተሰረቀ ይቅርታ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «በቀቀን» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙ የወጣላት ገና ተማሪ ሳለች፣ የመምህሩን ሳል አስመስላ ስትስል ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ የቆመ ዕለት ነው። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቃል ሲናገር ከሰማች ይበቃታል። ድምፁን፣ አተነፋፈሱን፣ ቃል ሲጠፋው የሚያሰማትን «እእእ» ሳትቀር ቁርጥ እሱን ሆና ታወጣዋለች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ክርና ቁልፍ ሊገዛ ወጣ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ትገባና በእሱ ድምፅ፣ «በሉ ዛሬስ ደክሟችኋል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ!» ትላለች። ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ግር ብለው ይወጣሉ። ባለቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ክፍል ነው።

«ማን ነው ውጡ ያላችሁ?»

«እንዴ! እርስዎ ነዎት እንጂ!»

ሁሉም በአንድ አፍ ስለሚመሰክሩበት ሰውየው ራሱን መጠራጠር ጀመረ። እንዲያውም፣ «ሳላውቀው እናገራለሁ» ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዷል እየተባለ ይታማል።

በእምነቷ ግን አትቀልድም። ለጸሎት ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች፣ ስብከት ስትሰማም ቃሉ ለእሷ ብቻ የተላከ ይመስላታል። አንድ እሑድ መጋቢው መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ስለቀበረው ባሪያ ሰበኩ። በቀቀን የዚያን ቀን ምሳ አልወረደላትም። ማታውኑ ጉባኤ ሲበተን መጋቢውን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«መጋቢ፣ የእኔ ጸጋ ምንድን ነው?»

«ምን ትችያለሽ ልጄ?»

«ድምፅ።»

«እሰይ! መዘምራን ግቢያ!»

ነገሩን በደንብ ማስረዳት ነበረባት፤ ግን «እሰይ» ሲሏት ደስ አላትና ዝም አለች።

መዘምራን ጋር የቆየችው ጥቂት ነው። ችግሩ፣ አጠገቧ የቆመውን ሰው ድምፅ ሳታስበው መውሰዷ ነው። ብቻዋን የምትዘምረዋ የራሷን ድምፅ ከኋላ መደዳ ስትሰማ ዞር ብላ አየች፣ ስንኙም ጠፋባት። መሪው በቀቀንን ወደ ወንዶቹ ጠርዝ አዛወራት። በሚቀጥለው እሑድ ከዚያች ቀጭን ልጅ አንገት የወፍራም ጎልማሳ ድምፅ ሲወጣ ፊት ወንበር የተቀመጡ እናቶች እርስ በርሳቸው ተጎሻሸሙ። ከዚያ በኋላ ወንበር እንድትደረድር ተመደበች።

«አይዞሽ» አሏት መጋቢው ወንበር ስትጎትት አግኝተዋት። «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት የሚሰጠው ስጦታ የለም። ጸልዪ፣ ጠብቂ። የምትጠቅሚበትን ቦታ እሱ ያሳይሻል።»

«ጸልዪ» እና «ጠብቂ» ከተባሉት ሁለት ነገሮች በቀቀን የወደደችው የመጀመሪያውን ነው።

ቦታው የታየ የመሰላት ሁለቱ አክስቶቿ የተጣሉ ጊዜ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እነሱ ናቸው። ታላቋ አክስት ዳቦ ቤት አላት፤ ክንዷ ወፍራም፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ስታዝን ግን ሦስት ቀን የምትኮራመት ሴት ናት። ታናሿ የልብስ እጥበት ቤት ባለቤት ናት፤ እንደ ተኮሰችው ሸሚዝ ቀጥ ያለች፣ ምላሷም እንደ ካውያዋ ለኮፍ አድርጎ የሚያቃጥል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ኮሪደር ላይ ሦስት በር አለ። የግራው የታላቋ፣ የቀኙ የታናሿ፣ የመሐሉ የበቀቀን ነው።

ሁለቱም መዘምራን ናቸው። ታላቋ ጸጋዬ መዝሙር ነው ብላ ታምናለች፤ ይህን የምታምነው ግን እሷ ብቻ ናት። ታናሿ ደግሞ ከቃና የወጣ ድምፅ ስትሰማ ጥርሷን የሚያማት ዓይነት ናት። ለዓመታት ታግሳ ኖራ አንድ እሑድ፣ በሁለት መዝሙር መሐል፣ ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ ክፈቺ፤ ድምፁን እኛ እናወጣዋለን» አለቻት።

በሹክሹክታ ነበር ያለችው። ማይክሮፎኑ ግን አፏ ሥር ነበረ።

መጀመሪያ አንዱ ወጣት ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው፤ ከዚያ ማን ያቁመው! ታላቋ አክስት የመዘምራን ካባዋን እንደ ለበሰች በጎን በር ወጥታ በመኪና መንገድ መሐል ለመሐል እስከ ቤቷ ሄደች፤ ካባውንም ኮሪደሩ ላይ ጥላው ገባች። ከማግስቱ ጀምሮ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ፣ «የሰው ልብስ ታጥባለች፣ የራሷን ልብ ግን ማጠብ አልሆነላትም» እያለች ዳቦውን ከነሐሜቱ ጠቅልላ ትሰጠው ጀመር። ታናሿ ይህን ስትሰማ እሷም ኮረፈች። እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

መልእክተኛዋ በቀቀን ሆነች።

«ለዚያች ሴትዮ መጥበሻዬን ትመልስልኝ ብለሽ ንገሪያት» ትላለች ታላቋ።

በቀቀን ኮሪደሩን ተሻግራ፣ ሳታስበው በታላቋ ድምፅ፣ «መጥበሻዬን ትመልስልኝ!» ትላለች።

«እንደ እሷ አትናገሪብኝ! ደሜን ታፈይዋለሽ!» ትላታለች ታናሿ። «መጥበሻው የእናታችን ነው በያት!»

በቀቀን ትመለሳለች። «መጥበሻው የእናታችን ነው!»

«አየሽ? አየሽ አነጋገሯን? አፍንጫዋን ነፍታ!»

መሐል ቤት መኖር እንዲህ ነው። ግራና ቀኙ ሲኮራረፍ የመሐሉ በር እንቅልፍ ያጣል። በቀቀን ከእናቷ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም። አንዷ ዘንድ ምሳ ስትበላ ሌላዋን የከዳች ይመስላታል፤ ሁለቱም ዘንድ ሁለት ምሳ ስትበላ ደግሞ ሆዷ ይነፋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስፌት ቤቱ ባዶ ሆነ። በቀቀን ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ድምፅ የሰጠኸኝ ለምን እንደ ሆነ አሁን ገብቶኛል…» አለች። በእርግጥ የጸለየችው መልስ ለመስማት ሳይሆን ለማሳወቅ ነው፤ «አሜን» ሳትል ጣቷ የስልኩን ቁጥር መንካት ጀምሯል። ሁለቱም አክስቶች ሱቃቸው ውስጥ የደዋዩን ቁጥር የማያሳይ አሮጌ የመስመር ስልክ አላቸው። ያም ቢሆን የጌታ ዝግጅት ነው ብላ ቆጠረችው።

መጀመሪያ የደወለችው ለታናሿ ነው። በታላቋ ድምፅ፣ ከዱቄት ብናኝ የተነሳ ጉሮሮ ስትጠርግ እንደምታሰማው «እህም» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ። ዳቦው እሳት ላይ ነው፣ ብዙ አላወራም። አጥፍቻለሁ። ስምሽን በየደንበኛው ፊት ማንሳት አልነበረብኝም። እህቴ ነሽ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ይቅር በይኝ» አለችና ትንሽ አለቀሰች።

በወዲያኛው በኩል ታናሿ፣ ያቺ ብረት የምትመስለዋ ሴት፣ ድምፅዋ ተሰብሮ «እትዬ… እኔም እኮ…» አለች።

በቀቀን ደነገጠች። ለእውነተኛ እንባ አልተዘጋጀችም። ስልኩን ዘጋችው።

ቀጥላ ለታላቋ ደወለች፤ አሁን ደግሞ በታናሿ ቀጥ ያለ፣ ቃል በሚቆጥብ ድምፅ። «እትዬ፣ አዋርጄሻለሁ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ። ይቅርታ።» ታላቋ በአንድ ትንፋሽ፣ «የኔ እህት! ቆይ፣ እኔም የምልሽ…» ስትል በቀቀን ሁለተኛውንም ዘጋች። ነገሩ ተሳክቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማዳመጥ ያስፈልጋል? ከሰዓት በኋላ ሦስት ሱሪ እያፏጨች አሳጠረች፤ አንዱን ከመጠን በላይ።

ማምሻውን ሁለቱም አክስቶች ሱቃቸውን ከወትሮው ቀደም ብለው ዘጉ። በቀቀን በሯ ጀርባ ቆማ በቁልፉ ቀዳዳ ታያለች። ታላቋ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በግራ ወጣች። ታናሿ እህቷ ኮሪደር ላይ የጣለችውን የመዘምራን ካባ አጥባና ተኩሳ በማንጠልጠያ ይዛ በቀኝ ወጣች። በመሐለኛው በር ፊት ለፊት ተገናኙ። ኦ፣ የዚያን ሰዓት የበቀቀን ልብ! እጆቿን አጨብጭባ እንዳትሰማ አገጯ ሥር ሸጎጠቻቸው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ታላቋ ዳቦውን እየዘረጋች።

«እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ታናሿ ካባውን እየዘረጋች።

ዳቦውንም ካባውንም የሚቀበል ጠፋ።

«አንቺ? እኔን? ለምኑ?»

«ለጠየቅሽኝ ነዋ።»

«እኔ አልጠየቅኩም። የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።»

«ቀን ደውለሽ ስታለቅሺ አልነበር እንዴ?»

«እኔ? እኔ አልቅሼ? ‹በሰው ፊት አዋረድኩሽ› እያልሽ የለመንሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እትዬ፣ እርጅና ጀመረሽ?»

«እርጅና? በጌታ ቤት የምትዘምሪ ሴትዮ፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ትዋሻለሽ?»

ዳቦው ወደ ግራ፣ ካባው ወደ ቀኝ ተመለሰ። ሁለት በሮች አንድ ላይ ሲዘጉ የመሐለኛው በር ተንቀጠቀጠ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። እስከዚያ ቀን የተጣሉት በዜማ አወጣጥ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዷ እህቷን ውሸታም አድርጋ ያዘቻት። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ፣ መጋቢው ዘንድ ሄደው ከሰሱ። መጋቢው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ላይ እንዲመጡ ቀጠሯቸው።

ቅዳሜ ከቀጠሮው ጥቂት ቀደም ብሎ በቀቀን ስፌት ቤት ብቻዋን ቀረች። ስልኩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። መላው ወዲያው መጣላት፤ ሁለት ጥሪ ብቻ። በመጋቢው ድምፅ ለሁለቱም ደውላ፣ «ወገኖቼ፣ ነገሩን መርምሬዋለሁ፤ ይቅር ተባባሉና እንዳታነሱት» ብትላቸው ያልቃል። ስልኩን አነሳች። ለመሞከር ያህል አፏን ከፍታ «ወገኖቼ» አለች።

ከዚህ በፊት ስታወጣው ከብዷት የማያውቅ ያ የረጋ፣ ሰው ሲሞት የሚያጽናናት፣ ስትጠመቅ ስሟን የጠራ ድምፅ ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰውነቷን ወረራት። ሌባ ሊሰርቅ በገባበት ቤት መስተዋት ውስጥ ራሱን ያየ ያህል ክው አለች። ስልኩን እንደ ትኩስ ድስት ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና እየሮጠች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

የመጋቢው ቢሮ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግማሿን የተደራረበ ወንበር፣ ግማሿን ጠረጴዛ ይዟታል። ክፍሏ ስለጠበበች ሁለቱ አክስቶች መኮራረፍ የቻሉት አንገታቸውን ብቻ አዙረው ነው። በቀቀን ሳታንኳኳ ገባችና ትንፋሽ እያጠራት፣

«የደወልኩት እኔ ነኝ!» አለች። «ሁለቱንም። እትዬን መስዬ ለታናሿ አክስቴ፣ እሷን መስዬ ለእትዬ። ማንም አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ታላቋ ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ፣ ልትሸፍኚላት ነው። አውቃለሁ ልብሽ ሩኅሩኅ ነው። ያ ግን የገዛ ድምፅዋ ነበር፤ እህቴን አላውቃትም?»

«ያለቀሰችውም እሷው ናት» አለች ታናሿ። «ለቅሶ አይቀዳም።»

መጋቢውም በጥርጣሬ አዩዋት። «ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ነገር በእውነት ይቻላል?»

በቀቀን ሌላ ማስረጃ አልነበራትም። ጉሮሮዋን ጠረገችና በመጋቢው ድምፅ፣ ስብከት ሊረዝም ሲል እንደሚሉት፣ «ወገኖቼ፣ እንግዲህ ወደ መጨረሻው ሐሳብ ስመጣ… ከመጨረሻው ሐሳብ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል…» አለች።

ታላቋ አፏን ያዘች። ታናሿ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሳቁ፤ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቅና ያ እንደ እንፋሎት የሚተነፍሰው ሳቅ አንድ ላይ ጠባቧን ክፍል ሞሏት። ወዲያው የተጣሉ መሆናቸው ትዝ አላቸውና ፊታቸውን መልሰው አኮሳተሩ።

መጋቢው አልሳቁም። ጆሯቸው ግን ቀልቷል። «ባለፈው ወር ለመዘምራን መሪው ደውዬ ልምምድ የለም ያልኩት…»

«እኔ ነኝ» አለች በቀቀን።

«እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን።» ወደ እሷ ዞሩ። «ለምን አደረግሽው ልጄ?»

«ጸጋዬን ልጠቀምበት ብዬ። እንዲታረቁ።»

«ይቅርታ ከሰው አፍ ውስጥ ይሰረቃል? እነሱ ሊሉት የሚገባውን አንቺ ወስደሽ አልሽው። ለመሆኑ ስትደውዪላቸው ምን መለሱልሽ?»

በቀቀን አንገቷን ደፋች። «ታናሿ አክስቴ ‹እትዬ፣ እኔም እኮ…› አለች። እትዬም ‹እኔም የምልሽ…› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ዘጋሁት።»

ያን ጊዜ ነው በቀቀን የሠራችው ነገር በሙሉ የታያት። እውነተኛው ይቅርታ በሁለቱም አፍ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በሩን የዘጋችበት እሷ ናት። እንባዋ መጣ፤ ይሄኛው የማንንም የማይመስል ለቅሶ ነበር።

ታላቋ አክስት ግን ሌላ ነገር ይከነክናታል። «እሺ፣ እኔን ሆነሽ ምንድን ነው ያልሽው? ልስማው።»

«እትዬ፣ ይቅርብሽ…»

«በስሜ የተባለውን ማወቅ መብቴ አይደለም እንዴ? በይው!»

በቀቀን መጋቢውን አየች፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አፍንጫዋን ጠርጋ በታላቋ ድምፅ ጀመረች። «እህም። እኔ ነኝ። ዳቦው እሳት ላይ ነው፣ ብዙ አላወራም። አጥፍቻለሁ። ስምሽን በየደንበኛው ፊት ማንሳት…»

«ቁሚ!» አለች ታላቋ። «‹ብዙ አላወራም› አልልም። እኔ ስናገር አወራለሁ።»

«እሱስ እውነቷን ነው» አለች ታናሿ።

«ደሞ ‹ስምሽን ማንሳት› ምን ማለት ነው? ስሟን ብቻ መቼ አነሳሁ? ልቧን ነው ያነሳሁት! ልቧን አላጠበችም ነው ያልኩት፣ ያውም ለባዕድ፣ ያውም እያወቅሁ። እናታችን ታማ ስትተኛ ማን ነው ያጠባት? ይቺ ናት! እኔ ማየት አቅቶኝ ዳቦ ቤት ስደበቅ ይቺ ናት ያጠበቻት! ይቅርታ የምጠይቅ ከሆነ በሱ ነው የምጠይቀው እንጂ…»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። አፏን እንደ ከፈተች ቀረች።

ታናሿ ለረጅም ጊዜ ጫማዋን አየች። «የእኔንም ተሳስታለች» አለች ቀስ ብላ። «‹በሰው ፊት አዋረድኩሽ› ብላለች አሉ። እኔ ግን ሰው ባይኖርም ማለት አልነበረብኝም። ያን ድምፅሽን ልጅ ሳለሁ መብረቅ ሲጮህ እያቀፍሽ ስትዘምሪልኝ እወደው ነበር። ያኔም ከቃና የወጣ ነበር፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

«ያኔም የወጣ ነበር?» አለች ታላቋ።

«በጣም እንጂ።»

ታላቋ ልትቆጣ አስባ አልሆነላትም። እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጩ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። መጋቢው የሚቆሙበት ቦታ ስላጡ ወንበር ላይ ወጡ።

በቀቀን ቅጣት አላመለጠችም። ለስፌት ቤቱ ባለቤት ሄዳ ነገሩን መናገር ነበረባት፤ ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ጤነኛ መሆኑ ስለታወቀለት ከደስታው ብዛት ለሰፊዎቹ ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ለመዘምራን መሪውም ተናገረች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ስልክ ሲደወልለት «የእውነት አንተ ነህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያወራም። ከመጋቢው ጋር አንድ ነገር ተስማሙ፦ የማንንም ድምፅ ሰውየው ሳያውቅ አታወጣም፤ ሰውየው ያላለውንም በድምፁ አትልም።

«እንግዲያ ምን ቀረኝ?» አለቻቸው በቀቀን። «ጸጋዬ አለቀ ማለት ነው።»

«በገዛ አፋቸው መናገር የማይችሉ ሞልተዋል» አሉ መጋቢው። «መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንባቢ እየጠበቁ ነው። ከአልጋ የማይነሱ አረጋውያን ደግሞ የሚያነብላቸው አጥተዋል። ሞክሪው፣ ቶሎም አትወስኚ።»

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። የተላከችው አንድ ጡረተኛ ግንበኛ ዘንድ ነው፤ ከመሰላል ወድቀው ወገባቸው የተጎዳ፣ ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ በምላሳቸው የሚያባርሩ ሽማግሌ። በቀቀን አልጋቸው ጎን ተቀምጣ ዮናስን ከፈተች። ዮናስን ከሥራ እንደሚያመልጥ ሰው ድምፅ፣ የመርከቡን አለቃ በጎርናና ድምፅ፣ መርከበኞቹን በየተራ በፈራ ሰው ድምፅ አነበበችላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር። ማዕበሉ ሲነሳ ፊታቸውን አዞሩ። ዮናስ ሲወረወር ብርድ ልብሳቸውን ጨመደዱ። ትልቁ ዓሣ ሲውጠው በቀቀን መጽሐፉን ልታጥፍ አለች።

«ቆይ» አሉ ግንበኛው። «ዓሣውስ?»

«ምን አባባ?»

«የዓሣውን ድምፅ አላሰማሽኝም።»

«ዓሣው እኮ አይናገርም አባባ። መጽሐፉ ላይ ምንም አላለም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ትልቅ ሰው፣ ያውም ነቢይ፣ ሆዱ ውስጥ ይዞ እህ እንኳ አይልም? እኔ አንዲት የዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ሰፈሩን ቀስቅሻለሁ! ሂጂና በደንብ አስቢበት። ማክሰኞ እጠብቅሻለሁ።»

በቀቀን በመንገድ ላይ አሰበችበት፣ ደረጃ ስትወጣ አሰበችበት፣ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታም አሰበችበት። ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ነቢይ የዋጠና ያልተስማማው ዓሣ የሚያሰማውን ድምፅ መለማመድ ጀመረች። አንዴ ከበድ አድርጋ፣ አንዴ ቀጠን አድርጋ ሞከረችው።

በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ተንኳኳ። በቀኝም ተንኳኳ።

«ምን በልተሽ ነው?» አሉ ሁለቱ አክስቶች፣ በአንድ ድምፅ።